ትንሿ ትራክተር በጨለለቂ

ባሌ ትራክተሯን ወደ ቤት ያመጣት እያስገፋ ነው። አምስት ሰዎች ከኋላ እየገፉ፣ እሱ መሪዋን ይዞ፣ ከዋናው አስፋልት ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር እስካለው ቤታችን ድረስ ኮረኮንቹን ሲያወጧት የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ ያይ ነበር። እኔም ወጥቼ አየሁ። ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም። አንድ ሰው የሚይዝ የብረት ወንበር አላት፤ ከፊቷ አንድ መብራት፤ ቀለሟ ቢጫ እንደነበር በግምት ነው የሚታወቀው። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ በሞተሯ ክዳን ቀዳዳ ሳር በቅሏል። የመንግሥት እርሻ መካኒክ ያገባሁ ሴት ስለሆንኩ ትራክተር ማለት ለእኔ ቤት የሚያክል ነገር ነበር።

"የዚች እናቷ የት ቀረች?" አልኩት።

ሳቀና፣ እሷው ራሷ አያት ናት፣ በዕድሜም ሳትበልጠኝ አትቀርም አለኝ።

ያገኛት ቀድሞ የውጭ አገር ሰዎች አትክልት ያለሙበት ከነበረ ግቢ ነው። ሰዎቹ ከሄዱ ዘመን አልፎ፣ እሷ ከነዕቃዎቿ በመጋዘን ጥግ ተረስታ ኖራ፣ ግቢው ሲጸዳ ለቁራሌ ልትሰጥ ስትል ደረሰላት። ዕቃዎቿንም አልተወም። ባለ አንድ ጥርስ ማረሻ፣ ሳህን የመሰሉ ብረቶች የተደረደሩበት መከስከሻ፣ ከሆዷ ሥር የሚንጠለጠል የሳር ማጨጃና አንዲት ትንሽ ተጎታች አብረው መጡ። ጡረታ ስወጣ አነሳታለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጓሯችን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። ዶሮዎቼ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። እኔም የልብስ ማስጫ ገመዴን አንዱን ጫፍ መሪዋ ላይ አሰርኩት።

የሚቀጥለው እንዲገባ ስለ እኛ ስለ ሁለታችን ጥቂት መናገር አለብኝ። እኔ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ጊዳ አያና ነው። እሱ የአርጆ ሰው ነው። መምህርት ነኝ፤ የማስተምረው አማርኛ ነው። ኦሮምኛ አልችልም ማለቴ አይደለም፤ ገበያ እገዛበታለሁ፣ ለቅሶ ቤት አጽናናበታለሁ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር እከራከርበታለሁ። ነገር ግን አዲስ ሙሽራ ሆኜ አርጆ ቤተሰቦቹ ዘንድ የሄድን ቀን፣ በመንገድ ሙሉ ያጠናሁትን ሰላምታ ቆሜ ስናገር ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወደውኝ ነበር የሳቁት፤ ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ያን ቀን አፈርኩ፤ ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ ሲያዋሩኝ እየሰማሁ በአማርኛ የምመልስ ሰው ሆንኩ። እሱ አየኝ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ "አትጨነቂ፣ እኔ ወደ አንቺ እመጣለሁ" አለኝ። እንዳለውም መጣ። ሠላሳ ዓመት ቤታችን ውስጥ ወንዱንና ሴቱን እየቀላቀለ፣ በራሱ ስሕተት እየሳቀ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ተናገረ። ሲጠራኝ ብቻ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራኝ፣ "ቲቸር" ነበር የሚለኝ።

ጡረታ የወጣ ሳምንት የልብሴን ገመድ ፈታና ትራክተሯን መበታተን ጀመረ። ዕቃውን በጆንያ ላይ አሰልፎ፣ ቡሎኖቹን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞልቶ፣ ጓሮውን ጋራዥ አደረገው። አንዱን ከአንዱ የሚለይ ምልክት አላየሁበትም። ነገ የቱ የት እንደሚገባ በምን ታውቃለህ ብዬ ብጠይቀው በጣቱ ግንባሩን ነካ አደረገ።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስዘገጃጅ ከጓሮ የብረት መውደቅ ሰማሁ። ስወጣ ከውኃው በርሜል አጠገብ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተጥሏል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ስትሮክ ነበር።

ሆስፒታል አምስተኛው ቀን ላይ ዓይኑ ጠራ። ዶክተሩ ከሌላ ክልል የመጣ ልጅ እግር ነው። በአማርኛ ስሙን ጠየቀው፣ የት እንዳለ ጠየቀው፣ እኔን እያሳየ ይህች ማን ናት አለው። ባሌ ሰውየውን ትኩር ብሎ አየ እንጂ አልመለሰም። እኔም ጠየቅሁት። እኔንም በዚያው ዓይን አየኝ። ዶክተሩ ወደ ጎን ወስዶኝ ንግግሩ ሳይጎዳ አልቀረም እያለኝ ሳለ አንዲት ነርስ አልጋውን ልታስተካክል ገባችና እንደ ልማዷ፣ "አከም ቡልተን?"፣ እንዴት አደሩ፣ አለችው።

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ" አላት። ደኅና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን ማለቱ ነው። ምላሱ ቢከብድም ቃሉ ቃል ነበር።

በኋላ ዶክተሩ አስረዳኝ፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲመታ አንዳንድ ጊዜ በኋላ የተማረው ይሸሸግበታል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ። እጁ ግን ሥራ ይፈልጋል፣ ጣቶቹን አታሳርፊያቸው ብሎ አደራ አለኝ። ስንወጣ ባሌ ክንዴን ያዘና "ቲቸር" አለኝ። ይህቺ ከሁለቱም ቋንቋ ያልሆነች ቃል ቀርታለት ነበር።

የከበደን ቤት ስንገባ ነው። እሱ ይናገራል፤ በተኮላተፈ አንደበት፣ በጥልቅ የአርጆ ኦሮምኛ ይናገራል። እኔ የገበያ ኦሮምኛዬን ይዤ ግማሹን ስይዝ ግማሹ ያመልጠኛል። በውኃና በምግብ እንግባባለን። ያመመውን፣ የፈራውን፣ ሕልሙን ሊነግረኝ ሲጀምር ግን ፊቴን አይቶ ያቋርጣል። አዳማ የምትሠራው ልጃችን ከሥራ ስትወጣ እየደወለች ታስተረጉምልን ጀመር። ስልኩን በመካከላችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እሱ ይናገራል፣ እሷ "አባዬ እንዲህ ይላል" ትላለች። ከገዛ ባሌ ጋር በአስተርጓሚ መነጋገር ምን እንደሚመስል ለማንም አልተናገርኩም።

ለጣቶቹ የሚሆን ሥራ ሳስብ የቡሎኖቹ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። አምጥቼ በትሪ ላይ ዘረገፍኩለት። በቀኝ እጁ አንዱን ለማንሳት ብዙ ታገለ፤ እያነሳ ይጥለዋል። በሳምንቱ ትልቁንና ትንሹን መለየት ያዘ። አንድ ቅዳሜ ከመካከላቸው አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አስጠጋና "ካንዴላ" አለ።

ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረው ነገር ናት፤ መካኒክ ያገባች ሴት ሁሉ ታውቃታለች። "ካንዴላ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ቀጠለና አጠገቡ የነበረውን ብሎን መፍቻ አነሳ። "ካቻቢቴ" አልኩ። "ካርቡራቶር" አለ፤ "ካርቡራቶር" አልኩ። የጋራዥ ቃል ከጣሊያን የመጣ ስለሆነ በሁለታችንም ቋንቋ አንድ ነው። ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በግራ እጁ ወደ ጓሮው አመለከተ። ወንበር አውጥቼ ከትራክተሯ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ የቀሚሴን እጅጌ ሰብስቤ ከፊቱ ቁጢጥ አልኩ።

እንዲህ ጀመርን። የዕቃው ስም የጋራችን ነው፤ ምን እንደሚደረግ የሚነግረኝ ግን በራሱ ቋንቋ ነው። "ሂኪ" ሲል እፈታለሁ፣ "ሱታ" ሲል እጄን አቀዘቅዛለሁ። ሲጠናብን ለልጃችን እንደውላለን። አንድ ጊዜ፣ እናት የልጅ ራስ ላይ ቅማል እንደምትፈልግ ሆነሽ ፈልጊ ይልሻል አለችኝ፤ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ ነበር። በመርፌ ጠረግኋት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተር የማርመው እጄ በግራሶ ጠቁሮ በየገጹ ላይ አሻራዬ ይቀር ነበር።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። መንገዱም ስልኩም እየተዘጋ የሚከፈትበት ዓመት ነበር። የልጃችንም የጊዳ አያና ወንድሞቼም ድምፅ ተቋረጠ። ሁሉ ሰው የሚያስበው ሰው ነበረው፤ እኔም በቀን አሥር ጊዜ የሞተ ስልክ አነሳለሁ። በዚያ ሁሉ መሃል ከትራክተሯ ጋር መቀጠላችን ለሌላ ሰው የማይረባ ነገር ይመስል ይሆናል። ለእኛ ግን ቀኑን የምናሳልፍበት ሌላ መንገድ አልነበረንም።

አንድ ከሰዓት የሞተሩን ራስ እየገጠምን ነበር። እኔ የቡሎን ማጥበቂያውን ቁልፍ ይዣለሁ፣ ሐሳቤ ግን ወንድሞቼ ጋ ነው። ባሌ በድንገት፣ ጠንከር ባለ ድምፅ፣ "ሂጂ" አለኝ። አማርኛው ተመለሰ አልኩ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ተቆጥቷል። "ሂጂ፣ ሂጂ" አለ ደጋግሞ፣ በግራ እጁም ወደ እኔ እያመለከተ።

ቁልፉን አስቀምጬ ገባሁ። ማድ ቤት ጥግ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት የተናገርንበት ቋንቋ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የመጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው? ሰልችቼው ይሆን? የማይሰማው ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ሲያስቸግረው ማን አይሰለችም አልኩ። እንዲያ እያልኩ ቆይቼ በማድ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ አየሁ።

ወንበሩን አስጠግቶ ጎንበስ ብሏል። ቁልፉን በግራ እጁ ይዞ፣ በዚያ በማይታዘዘው ቀኝ እጁ ደግፎ ቡሎኑን ሊያጠብቅ ይታገላል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን ሰጠሁ። ለቡሎኑ ነበር የሚናገረው፤ "ሂዲ... ሂዲ" ይለዋል፤ እሰር፣ ጥበቅ ማለቱ ነው። ቃሉን አላውቀው ሆኖ አይደለም፤ ገበያ እህል ሲቋጠር በቀን ስንት ጊዜ እሰማዋለሁ። ጆሮዬ አማርኛ ሲጠብቅ ስለኖረ ነው የተኮላተፈበትን ቃል አማርኛ አድርጎ የሰማው።

ወጣሁ። ቁልፉን ከእጁ ተቀብዬ ቡሎኑን አጠበቅሁ። ዓይኔ ማበጡን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ለማስረዳት ቃል አጠረኝ፤ ስለዚህ ወደ በሩ እያመለከትኩ "ሂጂ" አልኩ፣ ወደ ቡሎኑ እያመለከትኩ "ሂዲ" አልኩ፣ ከዚያ ጆሮዬን ያዝኩ። ገባው። ሳቁ ሳል እስኪሆንበት ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወና በጤነኛ እጁ ጉንጬን ጠረገ። ጉንጬ ላይ የቀረውን ግራሶ እስከ ማታ አላጠብኩትም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት አንድ ባዶ ደብተር አመጣሁ። እሱ የሚለውን በፊደላችን እጽፋለሁ፣ ከአጠገቡ ትርጉሙን። ለሕፃናት የማወጣውን ፈተና ለራሴ አወጣሁ። ሳላፍር በኦሮምኛ መመለስም ጀመርኩ። የአርጆዎቹ ዓይነት ሳቅ ሲስቅብኝ አብሬው እስቃለሁ።

ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ ፋሻው፣ ተበልቶ ነበርና እሱን ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ላይ የሸበተ፣ ባሌን ከወጣትነቱ የሚያውቅ ሰው ነው። አሮጌውን ፋሻ በመዳፉ ላይ አገላበጠና ለዚች ትራክተር የሚሆን ዕቃ አገር ውስጥ የለም አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ጠራኝ፤ የውኃ ፓምፕ ዕቃ ይሞከር እንደሆን ብሎ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ዓይነት ፋሻ በኪሱ ይዞ ራሱ ቤታችን መጣ። ሁለተኛው ገጠመ። ከባሌ ጋር በለስላሳ ኦሮምኛ ሲጨዋወት በቅናት አዳመጥኩት፤ እሱም እንደኔ መጤ ነው። እንዴት እንዲህ ቻልከው ብዬ ስጠይቀው፣ "ሃያ ዓመት ተስቆብኝ ነዋ" አለኝ።

ሞተሯ የተነሳችው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባለ ቅዳሜ ነው። ባትሪ የላትም፤ ገመድ ጠምጥመው በአንድ ትንፋሽ ይስቧታል። ያን ሁሉ የሳብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቅዳሜ ስቤያታለሁ፤ ትስላለች፣ ጭስ ትተፋለች፣ ትተኛለች። ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ቤንዚኑ በዛ፣ ካንዴላው ረጠበ እያለ ያስፈታኛል። በዚያ ቅዳሜ ክንዴ ዝሎ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው ብዬ ስስባት ያዘች። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጓሮው በድምፅ ተሞላ።

ባሌ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ በምትንቀጠቀጠው የሞተር ክዳን ላይ አስቀመጠው። እጁ ከእሷ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲያ አድርጎ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ቆየ።

ከጓሯችን ቀጥሎ የጎረቤታችን ማሳ አለ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ በየዓመቱ በሬ ያለው ሰው ለምነው ነው የሚያሳርሱት። ማረሻውን የሞከርነው በመጀመሪያ በእኛ ቁራሽ መሬት፣ ከዚያም በእሳቸው ማሳ ላይ ነው። እኔ ወንበሯ ላይ ወጣሁ፣ ባሌ ከዘራውን ይዞ ከጎኔ እየተራመደ ግራ፣ ቀኝ፣ ሱታ ይለኛል። ዞር ብዬ ሳይ የሳብኩት ትልም እንደ እባብ ተጣሟል። አፍሬ አቆምኩና ሴትየዋን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት በኦሮምኛ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው የተገለበጠውን ጥቁር አፈር ይመለከታሉ። ጎመን ትልሙ ቢጣመም መንገዱ አይጠፋውም፣ ንጂ ልጄ አሉኝ። በአራተኛው ትልም ቀና እያለልኝ ሄደ። ከማሳው ማዶ የቆመ ሰው ብዙ ነበር፤ ትራክተር የምትነዳ ሴት ለማየት ይሁን አያት የምታክለውን ትራክተር ለማየት አልጠየቅሁም።

ኔትወርኩ ከተመለሰና ወንድሞቼም በሕይወት መኖራቸውን ካወቅሁ በኋላ ልጃችን ለበዓል መጣች። በር ላይ ቆማ ሳንሰማት ብዙ አዳመጠችን። ስለ መከስከሻው በኦሮምኛ እየተጨቃጨቅን ነበር፤ እሱ ብረቶቹ ይሳሉ ይላል፣ እኔ ዝገቱ ብቻ ይነሳ እላለሁ። ገብታ ሁለታችንንም አቀፈችን፤ አሁን እኔ ምን ልሥራ እንግዲህ አለች። የተሳሳትኩትን ታርመኝ ጀመር፤ እሱ ግን ተያት አላት።

አማርኛው ጥቂት ጥቂት ተመልሷል። ቁርስ ላይ "ጨው" ይላል፤ ዝናብ ሲያይ "መጣ" ይላል። ከዚያ በላይ አልሄደም፣ ዶክተሩም ከእንግዲህ ብዙ አትጠብቂ ብሎኛል። እጁ ስኒ ይይዛል፣ ቡሎን ግን ገና አያጠብቅም።

በዚህ ክረምት ማብቂያ የሳር ማጨጃውን አነሳነው፤ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ከአሮጌ የወፍጮ ቺንጋ አሳጥረን አበጀን። የትምህርት ቤታችን ግቢ ሳር ሕፃናቱን ውጦ ስለነበር ርዕሰ መምህሯ እንድናጭድላቸው ለመነችኝ። ባሌን ተጎታቿ ላይ በወንበር አስቀምጬ በገመድ አስሬ፣ ፊቱን ወደ መጣንበት አዙሬ፣ ጠዋት ተነሳን። እኔ መንገዱን አያለሁ፤ እሱ ከኋላዬ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ እሰማዋለሁ። ዳገቱ መሃል ሞተሯ ጋለችና ቆመች። እስክትበርድ ከመንገዱ ዳር ግንድ ላይ ተቀመጥን። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየፈለፈልኩ በመዳፉ አስቀምጥለታለሁ።

ከፊታችን አንዲት ትንሽ ልጅ የወንድሟን ሸሚዝ ጫፍ ይዛ እየተጎተተች አለፈች። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ፣ እህት ነበረችኝ አለኝ። እህቶቹን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ይህቺ ግን ከሁሉ ታናሽ፣ በአራት ዓመቷ በኩፍኝ የሞተች ናት። ከብት ሲያግድ ሸሚዙን ይዛ ትከተለው እንደነበር፣ ስሙን መጥራት አቅቷት ራሷ ያወጣችለትን ስም፣ ለላሞቹና ለዝናቡ የፈጠረቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ በእሷ አፍ እየተኮላተፈ ነገረኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ከዚህ አንዱን አልሰማሁም።

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?" አልኩት በኦሮምኛዬ።

በቆሎውን አኝኮ እስኪውጥ ጠበቅሁት። "ሞክሬ ነበር" አለኝ። "በአማርኛ ሳወራት ሌላ ልጅ ትሆንብኛለች።"

እጁን ያዝኩት። ቃሎቿን ድገምልኝ አልኩት፤ ደገመልኝ፤ እኔም ከእሱ ተቀብዬ አልኳቸው። ሁለቱን አበላሸሁ፣ አስተካከለኝ። ከዚያ ሞተሯን በመዳፌ ዳበስኩ፤ በርዳለች። ገመዱን ጠምጥሜ ሳብኳት፤ በሁለተኛው ያዘች፤ ዳገቱን በዝግታ ወጣን።